የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ የጾታ ማንነትና የሽንት ፊኛ ጤና

የዐዋቂ ሰው የሽንት ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ሽንት የመያዝ አቅም አለው። የሽንቱ መጠን 150 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ያህል ሲደርስ የመጀመሪያው የመሽናት ስሜት ይሰማል፤ ጤናማ ሰውም በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ውኃ ሽንት ይሄዳል። ይህ ለጤና ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከእነዚህ ጊዜያት ብዙዎቹ የሚያጋጥሙት ከቤት ውጭ፣ ይኸውም በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በገበያ፣ በመናኸሪያ ወይም በጤና ተቋም ግቢ መሆኑ ይዘነጋል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ለመዋል መቻሉ የሚወሰነው በእግሩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በሚውልበት አካባቢ ሊገባበት የሚችል መጸዳጃ ቤት በማግኘቱም ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከቤት ውጭ መጸዳጃ ቤት የማያገኝ፣ ወይም ቢያገኝም ሊገባበት የማይደፍር ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንድም ሽንቱን መያዝ፣ አንድም ከመጀመሪያው አለመጠጣት። ብዙዎች ሁለቱንም ያደርጋሉ። የረጅም መንገድ ተሳፋሪ የጠዋት ሻዩን የሚተወው፣ በመንገድ ዳር የምትቸረችር ሴት እስከ ማታ ውኃ የማትቀምሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያሻም። በ1991 በአንድ የስካንዲኔቪያ የዩሮሎጂ መጽሔት የታተመ ጥናት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርሶችንና ረዳት ነርሶችን መርምሮ አልፎ አልፎ ብቻ የመሽናትን ልማድ «የነርሶች ፊኛ» በሚል ስም አንሥቶታል። ሕመምተኛን «ውኃ በብዛት ይጠጡ» ብሎ የሚመክረው ባለሙያ ራሱ ፈረቃውን ሙሉ ሳይጠጣና ሳይሸና የሚውል መሆኑ ከሙያው ምጸቶች አንዱ ነው።

ሽንትን አንድ ቀን መያዝ በጤናማ ሰው ላይ የጎላ ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚመጣው ልማድ ሲሆን ነው። ፊኛው ደጋግሞ ከልክ በላይ ሲለጠጥ ጡንቻው ጨርሶ የመኮማተር ኃይሉ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ሰውየው ሸንቶ ከጨረሰ በኋላ በፊኛው ውስጥ ቀሪ ሽንት ይተርፋል። ኢ. ኮላይን የመሰለ ባክቴሪያ በተመቸው ሁኔታ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ ስለሚችል፣ ወደ ፊኛው የገባው ጥቂት ባክቴሪያ ታጥቦ የሚወጣበት ፍሰት ሲዘገይ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። አለመጠጣት ደግሞ የሽንቱን መጠን በመቀነስ ይህንኑ ፍሰት ያደክመዋል፣ የጠጠር መፈጠርንም ያግዛል። የውኃ ጥቅም በሚገባ የተፈተነ ነገር ነው። በ2018 በታተመ ጥናት የፊኛ ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውና በቀን ከ1.5 ሊትር በታች ፈሳሽ የሚጠጡ 140 ሴቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በየቀኑ ተጨማሪ 1.5 ሊትር ውኃ እንዲጠጡ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ውኃ የጠጡት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጠጡት 3.2 ጊዜ ታመዋል። ዓይነ ምድርን መያዝም እንዲሁ ነው፤ በታችኛው አንጀት የቆየ ዓይነ ምድር ውኃው ይመጠጥና ይደርቃል፣ የሆድ ድርቀቱም በተራው ፊኛውን ተጭኖ ሽንት በሚገባ እንዳይወጣ ያደርጋል።

መጸዳጃ ቤት መሸሽ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። በሩ የማይዘጋ፣ ውኃ የሌለው፣ ወይም ለተሽከርካሪ ወንበር የማይመች መጸዳጃ ሰውን ያሸሻል። በዚህ ጽሑፍ በስፋት የሚታየው ግን ሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በሩ ላይ «ወንዶች» እና «ሴቶች» የሚል ጽሑፍ ስላለበት የሚሸሹት ሰዎች ጉዳይ ነው።

ስለ ቃላቱ

አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በባለሙያ አንደበት እንኳ ሲቀላቀሉ ይሰማልና። የመጀመሪያው የአካል ጾታ ሲሆን፣ በክሮሞዞም፣ በሆርሞን፣ በውስጥና በውጭ የመራቢያ አካላት ይገለጻል። ሁለተኛው የጾታ ማንነት ነው፤ ይህም ሰው ራሱን በውስጡ ወንድ ወይም ሴት አድርጎ፣ አንዳንዴም ከሁለቱም ውጭ አድርጎ የሚያውቅበት ስሜት ነው። ሦስተኛው ሰው በማን ይሳባል የሚለው ሲሆን፣ ይህ ከሁለቱም የተለየ ጥያቄ በመሆኑ እዚህ አይነሣም። ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ ጋር የጾታ ማንነቱ የማይገጥም ሰው በዓለም አቀፍ የሕክምና ቋንቋ ትራንስጀንደር ይባላል። ሲወለድ የውጭ ብልቱ ወንድ ወይም ሴት ለማለት የማያመች ሕፃን ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የእርሱ ጉዳይ የአካል እድገት ጉዳይ ነው። በአገራችን «ፍናፍንት» የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ላይ ለመስደቢያ ስለሚውል ከካርድ ላይም ከአንደበትም ቢወጣ መልካም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10ኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ይህን የማንነት አለመገጣጠም ከአእምሮ ሕመሞች ጋር መድቦት ነበር። በ2019 በዓለም የጤና ጉባኤ የጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ምደባ ግን ከዚያ ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ሥር አስቀምጦታል። የለውጡ ምክንያት ማንነቱ ራሱ የአእምሮ ሕመም ነው ለማለት ማስረጃ አለመኖሩ ሲሆን፣ ጉዳዩ ከምደባው ጨርሶ ያልወጣው እነዚህ ሰዎች የሕክምና አገልግሎት እንዳያጡ በማሰብ ነው።

በዊኒፔግ የደረሰው

የጾታ ማንነት በአስተዳደግ ብቻ የሚሠራ ነገር እንዳልሆነ ለሕክምናው ዓለም ከባድ ትምህርት የሰጠው፣ በካናዳዋ የዊኒፔግ ከተማ በ1965 ከተወለዱ ተመሳሳይ መንትያ ወንዶች በአንዱ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ሕፃኑ የስምንት ወር ልጅ ሳለ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ግርዛት ሲደረግለት ብልቱ ተቃጥሎ ጠፋ። ወላጆቹ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩትን የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን መኒን አማከሩ። በዚያ ዘመን መኒ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዳሳደጉት ይሆናል የሚል አሳብ ያራምዱ ነበር። በምክራቸው መሠረት ልጁ የ22 ወር ሕፃን ሳለ የዘር ፍሬዎቹ በቀዶ ሕክምና ወጡ፤ ብሬንዳ የሚል ስም ተሰጠው፤ ቀሚስ ለብሶ እንደ ሴት ልጅ አደገ። ለዓመታት የሕክምና መጻሕፍት ይህን ታሪክ የተሳካ ሙከራ አድርገው ጠቀሱት።

በሚልተን ዳያመንድና በኪት ሲግመንድሰን በ1997 የታተመው ጽሑፍ ግን ተቃራኒውን አሳየ። ልጁ ሴት ነሽ ሲባል ያደገ፣ አሻንጉሊትና ቀሚስ የተሰጠው፣ እውነቱንም ማንም ያልነገረው ነበር፤ ሆኖም ቆሞ ለመሽናት ይታገል ነበር። በትምህርት ቤት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሞ መሽናቱን ስላላቆመ ልጃገረዶቹ እንዳይገባ ከለከሉት፤ የወንዶቹም ቦታ የእርሱ አልነበረም። ማንነቱን አዋቂዎቹ ገና ሳያምኑት መጀመሪያ የተፈተነው በትምህርት ቤት ሽንት ቤት በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ1980 ገደማ አባቱ እውነቱን ሲነግረው ወዲያውኑ እንደ ወንድ ለመኖር ወሰነ፤ ዴቪድ የሚለውን ስም መረጠ፤ ቴስቶስቴሮንና የቀዶ ሕክምና እርዳታ አገኘ፤ ትዳርም ያዘ። በኋላም ሌላ ልጅ በዚህ መንገድ እንዳያልፍ በማሰብ በስሙ ወጥቶ ታሪኩን ተናገረ። በ2004 በ38 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

ዴቪድ ራይመር ትራንስጀንደር አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ የሁሉን ሰው ማንነት መበየንም አይቻልም። ሆኖም አሥራ ሦስት ዓመት ያህል የተደረገ ማሳመን፣ የለበሰው ልብስና የተሰጠው ሆርሞን ሁሉ ያን የውስጥ ዕውቀት አላስለወጡትም። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1974 የተገለጠው ሌላ ምልከታም ተመሳሳይ አቅጣጫ ያመለክታል። በዚያ አገር በአንዳንድ መንደሮች 5-አልፋ ሪደክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ጎድሎባቸው የተወለዱና በውጭ ብልታቸው መልክ ሴት ተብለው ያደጉ ልጆች፣ በጉርምስና ጊዜ አካላቸው ወደ ወንድ ሲያዘነብል አብዛኞቹ ኑሯቸውንም ወደ ወንድነት ለውጠዋል።

ከዚህ ለማዋለጃ ክፍል የሚተርፍ ነገር አለ። የእልልታው ብዛት ለወንድና ለሴት በሚለያይበት አገር፣ አዋላጅዋ «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ለማለት የምትጣደፍበት ግፊት ከባድ ነው። የሕፃኑ ብልት ካልለየ ግን ገና እየተመረመረ መሆኑን ለወላጆች በእርጋታ መንገር በግምት ከመመደብ ይሻላል። አጣዳፊው ነገርም የጾታው ስም አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ከሚወለዱ ባለ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ሕፃናት መካከል ዋነኛው ምክንያት የአድሬናል እጢ ከወሊድ ጋር የመጣ የኢንዛይም ጉድለት ሲሆን፣ ጨው የሚያባክነው ዓይነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ትውከት፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሶዲየም መውረድና የፖታሲየም መውጣት አስከትሎ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። ወላጆች በኀፍረት ሕፃኑን ሸፍነው ወደ ቤት ሲወስዱ የሚጠፋው ጊዜ ይኸው ነው።

ከበሩ ወዲህና ወዲያ

በ2015 በአሜሪካ የተካሄደው የትራንስጀንደር ሰዎች አገር አቀፍ ቅኝት 27,715 መላሾች ነበሩት። ከእነዚህ 59 ከመቶ ያህሉ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ችግር እንዳያጋጥማቸው በመፍራት የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከመጠቀም መቆጠባቸውን ተናግረዋል። 32 ከመቶው መጸዳጃ ቤት እንዳያስፈልጋቸው ምግብና መጠጥ ቀንሰዋል። 8 ከመቶው ደግሞ በዚሁ ምክንያት የሽንት ቧንቧ ወይም የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ወይም ሌላ ከኩላሊት ጋር የተያያዘ ችግር እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። ቀደም ሲል በዋሽንግተን ዲሲ 93 ሰዎችን ያካተተና በ2013 የታተመ ጥናት 54 ከመቶው መጸዳጃ ቤት በመሸሽ አካላዊ ችግር እንዳጋጠማቸው፣ 70 ከመቶው ደግሞ መከልከል፣ ስድብ ወይም ጥቃት እንደደረሰባቸው ዘግቧል። እነዚህን አኃዞች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። መላሾቹ በዕጣ የተመረጡ አይደሉም፤ ሕመሙም በመላሾቹ ቃል እንጂ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ አይደለም፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ቢሆንም ከላይ ከተገለጸው የፊኛ አሠራር ጋር የሚቃረን ነገር የለባቸውም።

በቨርጂኒያ ግዛት ትምህርት ቤቱን የከሰሰው የጋቪን ግሪም ጉዳይ ነገሩን ከአኃዝ ወደ አንድ ሰው ያወርደዋል። ግሪም ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ እንደ ወንድ መኖር የጀመረ ተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ የወንዶችን መጸዳጃ እንዲጠቀም ፈቀደለት፤ ለሳምንታትም ያለ ችግር ተጠቀመ። ከወላጆች ተቃውሞ በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ቦርድ ከለከለውና የነጠላ ሰው መጸዳጃ ክፍሎች ተዘጋጁ። ክፍሎቹ ከመማሪያ ክፍሎቹ የራቁ ስለነበሩ ተማሪው መጸዳጃ ቤት መሄድን መሸሽ ጀመረ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደመዘገበውም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘው፣ ራሱን የማጥፋት አሳብም መጥቶበት ሆስፒታል ገብቷል። ፍርድ ቤቱ በ2020 ለእርሱ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 ይግባኙን ሳይቀበለው ቀረ። በ2022 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በፍሎሪዳ በተነሣ ተመሳሳይ ክስ ተቃራኒውን ወስኗል።

ለጤና ባለሙያ ከፍርዱ ይልቅ የክፍሎቹ ርቀት ያስተምራል። ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ የተሠራ መጸዳጃ፣ የሚገባበትን ሰው በሁሉ ፊት የሚጠቁም በመሆኑ መፍትሔ ሳይሆን ሌላ ምክንያት ይሆናል። ጾታ የማይለይ መጸዳጃ የሚባለው አሳብ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ማንም ሰው የሚገባበት ክፍል ማንንም አይጠቁም።

የተለያዩ በሮች ከየት መጡ?

ወንድና ሴት በተለያየ በር መግባታቸው ከጥንት የመጣ ሥርዓት ይመስላል። በሕግ ደረጃ ግን ዕድሜው ከመቶ ሃምሳ ዓመት ያነሰ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በ1887 የወጣው ሕግ ሴቶች በሚሠሩባቸው ፋብሪካዎችና የሥራ ቦታዎች የተለየ መጸዳጃ እንዲሠራላቸው አዘዘ፤ በ1920 ገደማ ከ40 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተው ነበር። ከዚያ በፊት ሴቶች ወደ ፋብሪካ ሲገቡ ግቢው ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ለወንዶች የተሠራ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ሴት ደካማነት የነበራቸው ግምት ዛሬ አያስማማም፤ ውጤቱ ግን ሴቶች ከቤት ወጥተው ለመዋል የሚያስችላቸውን ቦታ ማግኘታቸው ነበር። ስለዚህ የሴቶች መጸዳጃ ራሱ ለጤና የተገኘ ድል መሆኑን መካድ አይገባም። በወር አበባ ጊዜ ከወንዶች ጋር በአንድ በር መግባት የምታፍር ተማሪ፣ ወይም ጥቃት ደርሶባት የወንድ ድምፅ የሚያስደነግጣት ሴት የምታነሣው ጥያቄ ከትራንስጀንደር ሰው ጥያቄ ያነሰ አይደለም። የሁለቱን ሥጋት እንደ ጠላት አሰልፎ ከማዋጋት ይልቅ ሁለቱንም የሚመልስ ግንባታ ማሰብ ይሻላል።

እንዲህ ያለው ግንባታ እንግዳ ነገር አይደለም። በአውሮፕላንና በባቡር ያለው መጸዳጃ ጾታ አይለይም። የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ2003 ጀምሮ በየገጠሩ ያስፋፋው የቤተሰብ መጸዳጃም በሩ ላይ ምልክት የለውም፤ በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ግቢም ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ሲገለገል የኖረ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚያስቸግረው በአንድ በር መግባታቸው ሳይሆን የበሩ መቀርቀሪያ መጥፋት፣ የመብራት አለመኖርና የተጠቃሚው ብዛት ነው። ይህን ልብ ማለት ክርክሩን ያቀለዋል። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ዝቅተኛ ክፍልፋይ ያላቸውን መጸዳጃዎች ምልክታቸውን ብቻ ቀይሮ ለሁሉም መክፈትና፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ የእጅ መታጠቢያው በውስጡ ያለ ነጠላ ክፍል መሥራት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለማንም አይመችም። ሁለተኛው ለሁሉም ይመቻል።

ተጠቃሚዎቹም በቁጥር ሲታዩ አብዛኞቹ ትራንስጀንደር አይደሉም። የአራት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ የወጣ አባት አለ። በስትሮክ የተጎዳ አባቷን ደግፋ የምታስገባ ሴት ልጅ፣ የመርሳት ሕመም ያለባትን ሚስቱን ብቻዋን መልቀቅ የማይችል ባል፣ የሆድ ከረጢቱን በውኃ አጥቦ መቀየር ያለበት ሕመምተኛ፣ ፊስቱላ ያለባትና ልብሷን የምትለውጥበት ውኃ ያለው ዝግ ክፍል የሚያስፈልጋት ሴት አሉ። የወረፋ ጉዳይም ከዚሁ ይገባል። በ2017 የቤልጅግ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ በተለመደው አከፋፈል በተጨናነቀ ሰዓት ሴቶች ከ6 ደቂቃ በላይ ሲጠብቁ ወንዶች ግን ብዙም አይጠብቁም፤ መጸዳጃዎቹ የጋራ ሲሆኑ የሴቶቹ ጥበቃ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወርዳል።

በደኅንነት ረገድ የሚነሣው ሥጋት በጥናት ታይቷል። በ2018 የታተመ ሥራ በማሳቹሴትስ ትራንስጀንደር ሰዎች በማንነታቸው መሠረት መጸዳጃ እንዲጠቀሙ የፈቀዱ ከተሞችን ካልፈቀዱት ጋር አነጻጽሮ፣ በመጸዳጃና በልብስ መቀየሪያ ቦታዎች የሚፈጸም ወንጀል በሕጉ ምክንያት መጨመሩን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በ2019 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመጸዳጃ ክልከላ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ትራንስጀንደር ወጣቶች ካልተከለከሉት ይበልጥ ወሲባዊ ጥቃት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል። ይህኛው ተዛምዶን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም።

ሕጎቹ በፍጥነት ስለሚለዋወጡ በዝርዝር መከታተሉ የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው። የሰሜን ካሮላይና ግዛት በ2016 በመንግሥት ሕንፃዎች ሰው በልደት ምስክር ወረቀቱ ጾታ ብቻ እንዲገባ ያዘዘ ሕግ አውጥቶ በ2017 ያንን ድንጋጌ ሻረ። ካሊፎርኒያ ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ነጠላ ክፍሎች ሁሉ ለማንም ክፍት እንዲሆኑ አደረገ። በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ጾታን በሥነ ሕይወት ብቻ በየነ፤ በሚያዝያ 2025 ደግሞ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ጾታ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ሥነ ሕይወታዊ ጾታን መሆኑን ወሰነ። ዋሽንግተን ዲሲ ነጠላ መጸዳጃዎች ጾታ እንዳይለዩ የደነገገችው ገና በ2006 ነው። ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ስለሚኖር፣ ደንቡ የሐበሻ ምግብ ቤቶችንም በር ነካ ማለት ነው። በዚያ በነርስነትና በሕክምና ሙያ ለሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የዕለት ሥራ ነው። ነጠላ ክፍልን ለማንም መክፈት ግን ስለ ማንነት የሚደረገው ክርክር እስኪያበቃ መጠበቅ አያስፈልገውም።

በምርመራ ክፍል

ጢም ያለው፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ሽንት ሲሸና ያቃጥለኛል ብሎ መጣ እንበል፤ በካርዱ ላይ ግን የተጻፈው የሴት ስም ነው። ተራ አስከባሪው ስሙን ከፍ አድርጎ ሲጠራ በመጠበቂያው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነው፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመለስም።

አማርኛ በዚህ ረገድ ጠባይ አለው። «አንተ» እና «አንቺ» ስለሚለያዩ ግሡም ጾታ ይዞ ስለሚሄድ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለደግነት ተብሎ የሚነገረው «እህቴ» ወይም «ወንድሜ» ጭምር ሊያቆስል ይችላል። «እርስዎ» እና «እሳቸው» ግን ጾታ አይለዩም። የጥንቱ የአክብሮት አነጋገር ለዘመኑ ጥያቄ መልስ ይዞ መገኘቱ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ሕመምተኛን «እርስዎ» ብሎ የሚጠራ ባለሙያ ምንም ሳይቸገር «በምን ስም ልጥራዎት?» ብሎ መቀጠል ይችላል። ስም መጥራቱን በተራ ቁጥር መተካትም ለሁሉም ሕመምተኛ ምስጢር ጠባቂ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ሕክምና ነው። መመርመር ያለበት የካርዱ ጾታ ሳይሆን በሰውየው አካል ያለው ብልት ነው። ቴስቶስቴሮን የሚወስድና ብልቱ በቀዶ ሕክምና ያልተለወጠ ሰው የሴት ብልቱ ሽፋን ስለሚሳሳ ማቃጠሉ ከኢንፌክሽን ውጭ ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባው ቢቆምም እርግዝና ሊከሰት ይችላል፤ የማኅፀን ጫፍ ካለውም የካንሰር ቅድመ ምርመራ ያስፈልገዋል። እንደ ሴት የምትኖር ትራንስጀንደር በቀዶ ሕክምና ብልቷ ቢቀየርም ፕሮስቴት እጢዋ በቦታው ይቀራል፤ የሽንት ቧንቧዋም ስለሚያጥር ኢንፌክሽን ይቀርባታል። አዲስ የወንድ ብልት በተሠራለት ሰው ደግሞ የሽንት ቧንቧ መጥበብና ማፍሰስ የታወቁ መዘዞች ናቸው። በአሜሪካ የወንድ ሆርሞንን ለመግታት በሰፊው የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው። መጸዳጃ ቤት ለምትሸሽ ሰው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ሊያስብበት ይገባል፤ ፖታሲየምንም መከታተል ይኖርበታል። ብልትን በፕላስተር አስሮ መዋልም መፍታቱ ስለሚያስቸግር ሽንትን ያዘገያል።

የኩላሊትን አሠራር ከክሪያቲኒን የሚያሰሉት ቀመሮች የወንድና የሴት ልዩነት አላቸው። ሆርሞን ለወራት የወሰደ ሰው የጡንቻ መጠኑ ስለሚለወጥ የትኛውም ስሌት ትክክል ላይሆን ይችላል፤ መጠኑ ጥንቃቄ የሚሻ መድኃኒት ሲታዘዝ በሁለቱም አስልቶ ማየት፣ ሲቻልም ሲስታቲን-ሲ ማስለካት ይረዳል።

የታሪክ ጥያቄውም አጭር ነው፤ «ከቤት ከወጡ በኋላ ሽንት ቤት የሚያገኙት የት ነው?» ይህ ጥያቄ ለትራንስጀንደር ሕመምተኛ ብቻ የተበጀ አይደለም። የታክሲ ሹፌሩ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የአበባ እርሻ ሠራተኛዋና የማታ ፈረቃ ነርሷ ተመላላሽ ኢንፌክሽን ይዘው ሲመጡ አንቲባዮቲኩ ለምን እንደማይበረክት የሚገልጸው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።

የጤና ተቋሙ የራሱ መጸዳጃ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚታይ ነው፤ የሽንት ናሙና የሚሰጠው በዚያው ነውና። ናሙና መስጫው ነጠላ ክፍል ከሆነ በበሩ ላይ ወንድ ወይም ሴት የሚል ምልክት አያስፈልገውም፤ «መጸዳጃ ቤት» የሚለው ይበቃል። ከውስጥ የሚሠራ መቀርቀሪያ፣ ውኃ፣ ብልቃጡን የሚያስቀምጡበት ጠርዝና ልብስ መስቀያ ይኑረው። ክዳን ያለው የቆሻሻ ማስቀመጫ ለወንዶች በተለየው መጸዳጃም ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው፤ የወር አበባ ለሚመጣበት ትራንስጀንደር ወንድ ብቻ ሳይሆን ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸው አዛውንት የሚቀይሩትን ጨርቅ በኪሳቸው ይዘው እንዳይወጡ።